አንድ ባይኖኩላር ለባልና ሚስት

ሁለቱም ጡረተኞች ናቸው። ወፍ ፍለጋ አገር ላገር የሚዞሩ ሆላንዳውያን ባልና ሚስት። ከቤታቸው ሲነሱ ሁለት ባይኖኩላር (ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ባለ ሁለት ዓይን መነጽር)፣ አንድ ቴሌስኮፕ ከነመቆሚያው እና አንድ ወፍራም ደብተር ይዘው ነበር። ሐዋሳ፣ ሆቴላቸው በር ላይ አስጎብኚያቸው ሆኜ ስቀበላቸው ግን ባይኖኩላሩ አንድ ሆኗል። «ሌላውስ?» ስል ባልየው ሰማይ ሰማይ አየ፤ ሚስትየዋ ባልየውን አየችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባይኖኩላር ይዞ ኢትዮጵያ ለመግባት አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። ዘዴው፣ የእያንዳንዱን ዕቃ ስም፣ ሞዴልና መለያ ቁጥር ጉዞው ገና ሳለ ለአስጎብኚ ድርጅቱ መላክና ፈቃዱን እሱ እንዲጨርሰው ማድረግ ነው። ፈቃድ የሌለው ባይኖኩላር መግቢያው ላይ ይያዝና ሲወጡ ይመለሳል። ባልየው ዝርዝሩን ልኮ ከጨረሰ በኋላ ለሚስቱ ልደት አዲስ ባይኖኩላር ገዛላት። ቁጥሩን ግን አልላከም። ስጦታው አዲስ አበባ ቀረ፤ ደረሰኙ የሚስትየዋ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ እንደ ክስ ማስረጃ በየምክንያቱ ይወጣል።

በዚያ ላይ ደብተሩ ሕግ አለው፦ የሚጻፈው ሁለቱም ያዩት ወፍ ብቻ ነው። የኔን ባይኖኩላር ልስጣችሁ ብል እምቢ አሉ። አስጎብኚው ባዶ ዓይኑን ከቀረ ሦስታችንም አናይም አሉ። ልክ ናቸው።

ለማያውቅ ሰው፣ አንዱ አይቶ ለሌላው ማቀበል ምን ይከብዳል ያሰኛል። ባይኖኩላር ግን እንደ ጫማ ልክ አለው። መጀመሪያ ሁለቱን በርሜሎች እያጠፍክና እየዘረጋህ፣ ሁለት ክብ ይታይህ የነበረው አንድ ክብ እስኪሆን በዓይኖችህ መካከል ካለው ርቀት ጋር ታስማማዋለህ። ቀጥለህ ቀኝ ዓይንህን ትጨፍንና መሃል ባለው ማዞሪያ ለግራው ታጠራለህ። ከዚያ ግራውን ጨፍነህ፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀኙ ማያ ላይ ባለችው ቀለበት ለቀኙ ታጠራለህ። መነጽር የምታደርግ ከሆነ የዓይን ማሳረፊያውን ጎማ ወደ ውስጥ ታስገባዋለህ፤ ካላደረግህ ወደ ውጭ ታወጣዋለህ። ባልየው መነጽር ያደርጋል፣ ፊቱም ሰፊ ነው። ሚስትየዋ አታደርግም፣ ፊቷም ጠባብ ነው። በተቀባበሉ ቁጥር ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይጀመራል። ወፍ ደግሞ ትዕግሥት የላትም።

ከንጋቱ 12፡30 ሐይቁ ዳር ያለው አሞራ ገደል ደረስን። ከተማው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይዋ ከጀርባህ ሆና ወፎቹን ታበራልሃለች፤ ከሰዓት በኋላ ፊት ለፊትህ ትመጣና ወፉ ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆናል። የዓሣ ገበያው ዘንድ ግን ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። ልጆቹ ቆሮሶውንና አምባዛውን እየበለቱ አንጀቱን ሲወረውሩ አባ ኮዳዎቹ እግራቸው ሥር ይሻማሉ። ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል የሚደርስ አሞራ አጠገብህ ቆሞ ባይኖኩላር ምን ሊረባህ? እዚያ በቆየንባት ሰዓት ትዳሩ ሰላም ነበር።

ስለ አባ ኮዳ ሁለት ማስጠንቀቂያ ሰጥቻለሁ። አንደኛ፣ ከሚያርፉበት ዛፍ ሥር አትቁሙ። እግራቸው ነጭ የሚመስለው ቀለሙ ሆኖ አይደለም፤ ሲሞቃቸው ኩሳቸውን እግራቸው ላይ ይለቁታል፣ እርጥበቱ ሲተን ይቀዘቅዛቸዋል። ሁለተኛ፣ መሬት ላይ ምንም ነገር አታስቀምጡ፤ አባ ኮዳ መጀመሪያ ይውጣል፣ ከዚያ በኋላ ያስባል። ባልየው የመጀመሪያውን በደንብ ሰማ፣ ኮፍያውንም ጠበቅ አደረገ። ሁለተኛውን ስናገር የቴሌስኮፑን ክዳን እያወለቀ ነበር። ክዳኑ አመለጠውና አንጀቱ ክምር ጫፍ ላይ አረፈ። አንዱ አባ ኮዳ መንቁሩን ሰደደ፣ አንገቱን ወደ ላይ ቀና አደረገ፤ ከዚያ አንዲት ክብ እብጠት በመላጣው አንገቱ ቁልቁል ስትወርድ ቆመን አየናት።

«ይተፋዋል?» አለ ባልየው።

የማይፈጨውን መልሰው የሚተፉበት ጊዜ አለ። ግን መቼ፣ የትኛው ዛፍ ሥር? ጥያቄውን ዓሣ ለሚበልተው ልጅ ሳቀብልለት ቢላውን እንኳ ሳያቆም «ጋሼ፣ የኔን ነጠላ ጫማ የዋጠው እሱ ራሱ ነው በለው፤ ወረፋ ይያዝ» አለኝ። ሚስትየዋ ደብተሩን ገለጠችና «ይሄን ሁለታችንም አይተናል» ብላ ጻፈች።

ወደ 2 ሰዓት ገደማ ጀልባ ላይ ወጣን። ቴሌስኮፑ መኪና ውስጥ እንዲቀር ለምኜ ነው ያስቀረሁት፤ 60 ጊዜ የሚያጎላ ዕቃ የጀልባውንም ውዝዋዜ 60 ጊዜ ያጎላዋል። ለጀልባ 8 በ42፣ ማለት 8 ጊዜ የሚያጎላና የፊት መስታወቱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር የሆነ ባይኖኩላር፣ ይበቃል፤ 10 ጊዜ የሚያጎላው እንኳ ይንቀጠቀጣል። ቁጭ ብለህ ክርንህን ጉልበትህ ላይ ታስደግፋለህ። ሞተሩ ፊላው ጋ ሳይደረስ ይጠፋል፣ የቀረው በመቅዘፊያ ነው።

መጀመሪያ የመጣልን ጃካና የሚባለው የውኃ ወፍ ነው። ጣቶቹ ከመርዘማቸው የተነሣ ክብደቱን በትነው ውኃ ላይ በተንጣለለ ቅጠል ያራምዱታል። ባይኖኩላሩ ሚስትየዋ ዘንድ ስለነበር ባልየው እንዳይከፋው ብዬ በወሬ ያዝኩት። «እንቁላሉን የሚታቀፈው ወንዱ ነው» አልኩት። «ጫጩቶቹንም የሚጠብቀው እሱ ነው፤ አደጋ ሲመጣ ክንፉ ሥር ሸጉጦ ይዟቸው ይሄዳል። ሴቷ እንቁላሉን ትጥልለትና ወደ ሌላ ወንድ ትሻገራለች።»

ሚስትየዋ ባይኖኩላሩን ከዓይኗ ሳታወርድ «መለያ ቁጥርስ ሳይረሳ ይልካል?» አለች።

ዋነኛዋ የመጡላት ወፍ ግን ፒግሚ ዝይ ናት። ዝይ ትባል እንጂ ከዳክዬዎች እንኳ ከትንንሾቹ ተርታ ናት። ወንዱ ፊቱ ነጭ፣ ጎኑ ብርቱካናማ፣ ጀርባው አረንጓዴ ነው፤ ቅጠሉ መሃል ዝም ብሎ ሲንሳፈፍ እፊትህ ሆኖ ይሰወርሃል። ስለዚህ ወፉን ሳይሆን አካባቢውን እያስያዝክ ነው የምታሳየው፦ ፊላው፣ ደረቁ እንጨት፣ ከእንጨቱ ወደ ግራ ሁለት ክንድ። ሚስትየዋ ወዲያው አገኘችው። «ወንድ ነው! ወንድ ነው!»

ባልየው ባይኖኩላሩን ተቀበለ። ጎማውን አስገባ፣ በርሜሎቹን ዘረጋ፣ ማዞሪያውን አዞረ፣ ቀለበቷ ላይ ሲደርስ ትዕግሥቱ አለቀና ብድግ አለ። ሚስትየዋም ልታሳየው በዚያው በኩል ብድግ አለች። ጀልባው ዘመመ።

«ኧረ ጋሼ ቁጭ በል! እትዬ ቁጭ! ጉማሬ ያለበት ነው እኮ!» ብሎ ጮኸ ባለጀልባው። ቋንቋው ባይገባቸውም ድምፁ ገባቸው፤ ቁጭ አሉ። እነሱ ቁጭ ሲሉ ዝዩ ብድግ ብሎ ሄደ።

ምሳ ላይ ሆቴሉ ግቢ ውስጥ ጥብስ ዓሣ በዳጣ አዘዝን። ጥቁር ክንፍ ያላቸው ላቭበርዶች፣ ትንንሾቹ በቀቀኖች፣ እየተንጫጩ ዛፉ ላይ አረፉ። እነዚህ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማይገኙ ናቸው፤ ግንባሩ ቀይ የሆነው ወንዱ ነው፣ የሴቷ አረንጓዴ ነው። ብዙ ስለነበሩ ያለ ጭቅጭቅ ተጻፉ። ሾላው ላይ ደግሞ ሆርንቢል፣ ያ ትልቅ መንቁሩ ላይ ቀንድ የተደረበበት ወፍ፣ ፍሬ ይለቅማል። ባልየው የወፍ መጽሐፉን ከፈተና ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ፤ ሴቷ ለመፈልፈል የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ስትገባ በሩ በጭቃ ይመረጋል፣ ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ይቀራል፣ ወንዱም ለወራት በዚያች ስንጥቅ ፍሬ ያጎርሳታል።

«ይኸው፣ እሱስ ለሚስቱ ያመጣላታል» አለች።

ሾፌራችን ጥያቄና መልሱን ስነግረው እጁን ከሰሃኑ አነሣ። «ቆይ፣ እነዚህ ሰዎች የመጡት ወፍ ፈልገው ነው ሽማግሌ?» ይህን ሲለኝ አንዲት ጦጣ የባልየውን ዳቦ ይዛ ጣሪያው ላይ ወጣች። ለዚያኛው ዳቦ ማንም አልተከራከረም።

ዳቦው ከሄደ በኋላ አንድ ነገር አደረግን። ሚስትየዋ የጥፍር ቀለም ነበራት። ባይኖኩላሩን ለሷ በሚስማማው ልክ አስተካክለን፣ ማጠፊያው ላይና ቀለበቷ ላይ ቀይ ነጥብ አደረግንበት፤ ለባልየው ልክ ደግሞ ነጭ ፕላስተር በቀጭኑ ቆርጠን ለጠፍን። ከዚያ ወዲህ መቀባበል ማለት ከነጥብ ወደ ፕላስተር መግፋት ነው፤ የመሃሉን ማዞሪያ ብቻ እንደ ወፉ ርቀት ማጥራት ይቀራል። ጥንድ ሆናችሁ በአንድ ባይኖኩላር የምትሄዱ ካላችሁ ይህን ከቤት ሳትወጡ ጨርሱት።

ባልየው በዚህ ተበረታቶ እንደገና ሐይቅ ካልወጣን አለ። ፀሐይ ፊት ለፊት ናት፣ ነፋስ ተነሥቷል፣ ማዕበሉ ጥሩ አይደለም ብለው አልሰማም። 10 ሰዓት ላይ ወጣን። ሚስትየዋን ወዲያው አቅለሸለሻት፤ ዓይኗን ጨፍና የጀልባውን ጠርዝ ይዛ ተቀመጠች። እንግዲህ በዚያች ሰዓት ነው ሴቷ ፒግሚ ዝይ ከፊላው ወጥታ በጀልባችን ጎን፣ ባዶ ዓይን በሚበቃበት ርቀት፣ ቀስ ብላ ያለፈችው።

«አየኋት! በቃ፣ ሁለታችንም አይተናል!» አለ ባልየው።

ሚስትየዋ ዓይኗን ሳትገልጥ «አላየንም» አለች። «እኔ ያየሁት ወንዱን፣ አንተ ያየሃት ሴቷን። ሁለታችንም ያየነው አንድ ወፍ የለም።»

ክርክሩ መኪና ውስጥ ቀጥሎ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ጋ ስንደርስ ዳኝነቱ ሾፌሩ ላይ ወደቀ። መሪውን እንደያዘ ትንሽ አሰበና «ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ናቸው ይል የለ መጽሐፉ? ጻፉት በላቸው» አለ። ተረጎምኩላቸው፤ ተሳሳቁ፤ ባልየው ጻፈ።

ማታ የሁለቱ ጀልባ ሒሳብ ሲመጣ ሚስትየዋ የጠዋቱን ብቻ ቆጥራ ለባለጀልባው ሰጠችው። «እኔ የወንዱን ከፍያለሁ» አለች፤ «የሴቷን አንተ ክፈል።»