ከልጁ ጋር አብሬ ሰማሁት

ዛሬ ከሰዓት እህቴ ቤት ለቡና ሄጄ ነበር። ገና ሳልቀመጥ «ይህን ልጅ እስቲ አናግርልኝ፣ የሰይጣን ዘፈን ጀምሯል» አለችኝ። የምሯን ፈርታለች።

ክፍሉ ገባሁ። 16 ዓመቱ ነው። የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ወገን ሰጠኝ። ብላክ ሳባዝ! የእንግሊዝ የከባድ ሮክ ባንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው። ዝናብ፣ ደወል፣ ከዚያ ያ ከባድ ጊታር። እውነቱን ልናገር፣ ያስፈራል። እንዲያስፈራም ነው የተሠራው። የባንዱ ስም ራሱ ከአስፈሪ ፊልም የተወሰደ ነው።

ግን ግጥሙን ልብ ብላችሁ ስሙት። ዘፈኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ ሰይጣንን አይጠራም። ከፊቱ የቆመ ጥቁር ነገር አይቶ፣ እግዚአብሔር እንዲረዳው ይለምናል። አብዛኛውን ግጥማቸውን የጻፈው የባንዱ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ጊዘር በትለር ያደገው በካቶሊክ ቤተሰብ ነው። አንገታቸው ላይ ያደርጉት የነበረውን መስቀልም የዘፋኛቸው የኦዚ ኦዝቦርን አባት ናቸው ከአሉሚኒየም የሠሩላቸው። ይህን ሳውቅ በጣም ነው የነካኝ። አባት ለልጁ መስቀል ሲሠራ አስቡት።

ሁሉም እንደዚህ ነው አልልም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌይ ውስጥ ብላክ ሜታል የሚባለውን የከባድ ሮክ ዓይነት የሚጫወቱ ወጣቶች አብያተ ክርስቲያናትን አቃጥለዋል። በ1992 በርገን አጠገብ ያለው ጥንታዊው የፋንቶፍት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ዶግ አመድ ሆኗል። ይህንንም ሳልደብቅ ነገርኩት። ልጁ ዝም ብሎ ቆየና «አጎቴ፣ ለምን?» አለኝ። ብዙ አወራን።

እህቴ ቡናውን ይዛ ገባች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ማዳመጫውን ሰጣት።

«ደወሉ የቤተ ክርስቲያን ነው እንዴ?» አለች።