ሐዋሳ መግቢያ ላይ የሞቀችው ቤታችን

ከሻሸመኔ እንደወጣን የሙቀት ጌጁ ከመሃል ተነስቶ ወደ ቀዩ መጠጋት ጀመረ። መኪናችን ሃይሩፍ፣ ጣሪያዋ ከፍ ያለ ሚኒባስ ናት። የኋላ ወንበሮቿ ወጥተው አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ የውሃ በርሜልና ሁለተኛ ባትሪ ገብተውባታል። ይህን ሁሉ ተሸክማ በስምጥ ሸለቆ ቀትር ስትሄድ ራዲያተሯ ብዙ ይለፋል። ኤሲውን አጠፋሁና የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ተሳፋሪውን ያሰቃያል እንጂ ከሞተሩ ላይ ሙቀት ይቀንሳል። ባለቤቴ መስኮቱን እያወረደች «ቀስ በል፣ የሚያስቸኩለን ነገር የለም» አለችኝ። ሐዋሳ መግቢያ ላይ ጥላ ፈልገን ቆምንና ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅን። በትኩስነቱ የተከፈተ የራዲያተር ክዳን ፊት ያቃጥላል።

የመጀመሪያው ጋራዥ ኮፈኑን ከፍቶ ብዙም ሳያይ «ቴስታታ ነው፣ ሞተር ይውረድ» አለን፤ ቴስታታ የሚሉት የሞተሩን የላይኛውን ራስ ነው። ሞተር ወረደ ማለት ለእኛ ማደሪያም አጣን ማለት ነው። አመስግነን ወጣን።

መናኸሪያው አካባቢ ያገኘናቸው ሽማግሌ መካኒክ ግን ቁልፍ ከማንሳታቸው በፊት ጠየቁ። «ልጄ፣ የምትሞቀው ስትቆም ነው ስትሮጥ?»

ልቤ ያረፈው እዚህ ላይ ነው። ቆማ ብቻ የምትሞቅ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፋኑ ነው፤ ስትሮጥና ዳገት ስትወጣ ከሆነ ግን የውሃው ዝውውርና ራዲያተሩ። ጥሩ መካኒክ ከርካሹ ጀምሮ ወደ ውዱ ይሄዳል፤ ለመንገደኛ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ውለታ አላውቅም።

«ስትሮጥ ነው ጋሼ» አልኳቸው።

የዘይት መለኪያውን መዘው በጨርቅ ጠረጉት፣ መልሰው ከተው ደግመው አዩት። ውሃ የገባበት ዘይት ወተት የነካው ሻይ ይመስላል፤ የእኛ ንጹሕ ነበር። ሞተሩን አስነስተው ራዲያተሩ አፍ ላይ አረፋ ይወጣ እንደሆነ ተመለከቱ። የለም፤ ቴስታታው አይመስልም ማለት ነው። ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈውን ቴርሞስታት ፈቱና «ምድጃ አላችሁ አይደል?» አሉ። ባለቤቴ ድስት ጣደች። 82 የሚል ቁጥር፣ መከፈት የሚጀምርበት ዲግሪ፣ የተቀረጸበትን ቴርሞስታት በሽቦ አንጠልጥለው ውሃው ውስጥ ለቀቁት። ውሃው ሊፈላ ሲል መሃሉ ቀስ እያለ ተከፈተ። ሁላችንም ድስቱ ላይ አጎንብሰን ነበር የምናየው።

የቀረው የራዲያተሩ ክዳን ነበር። ገልብጠው አሳዩኝ፤ የውስጥ ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ከንፈሩ ላይም የደረቀ ኩላንት፣ የራዲያተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደህና ክዳን ግፊቱን ይዞ ያን ከ115 በላይ ያደርሰዋል። ግፊት የማይይዝ ክዳን ያላት መኪና ግን ሞተሯ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ እንኳ ውሃዋን ትተፋለች። ደጋ ላይ ለምንነዳ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አዲስ አበባ ላይ የመፍያው ነጥብ ከዚህም ይወርዳል።

መለዋወጫውን ራሴ ሄጄ እንድገዛ አሮጌውን በእጄ ሰጡኝ። «የሚይዘው ግፊት ቁጥሩ 1.1 ነው። ዝቅ ያለ እንዳትቀበል፣ ከፍ ያለም ይሻላል ቢሉህ አትውሰድ፤ ቱቦህን ያፈነዳዋል» አሉኝ። ስመለስ ረዳታቸው የራዲያተሩን ፊት ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ ውሃ እያጠበ ነበር። የወጣው ጭቃ፣ ሣርና የሞተ ነፍሳት አፍኗት እንደነበር ይመሰክራል።

ስለመሸ እዚያው ግቢ ውስጥ አደርን። ረዳቱ ማታ ሁለተኛውን ባትሪ ለካልን፤ 12.0 ቮልት አነበበ። ሙሉ የሆነ ባትሪ አርፎ 12.6 ያህል ስለሚያሳይ ፍሪጁን አጠፋንና ያለችንን ሥጋ አብስለን ከዘበኛው ጋር በላን።

ጠዋት አሞራ ገደል ወርደን የዓሣ ሾርባ ጠጣን፤ ከዚያ መኪናዋን ለመሞከር ወደ ወንዶ ገነት ወጣን። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ስንያያዘው ጌጁ ከመሃል ንቅንቅ አላለም። ለሽማግሌው ደወልኩ።

«እሰይ» አሉ። «የላይኛው ቱቦ ግን ለስልሷል፤ ዲላ ከመድረስህ በፊት ሞተሩን አብርደህ በእጅህ ጨመቅ አድርገው። ካበጠ እዚያው ቀይረው።»