አፕዴቱማ አድርጌዋለሁ

ነገሩ የመጣው በብሮውዘር ክርክር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ አስመጪ ድርጅት ነው። የሽያጭ ኃላፊው «ክሮም ይሰልላል፣ ሁላችንም ብሬቭ እንጫን» ይላል። ዲዛይነሩ ከፋየርፎክስ ወይ ፍንክች። ሥራ አስኪያጁ ኤጅን የሚከፍቱት ክሮም ለማውረድ ብቻ ነው። የአይቲ ባለሙያው በየስብሰባው «የትኛው ይሻላል?» እየተባለ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነበር፦ የትኛውም ይሁን፣ አፕዴት ይደረግ።

ልክ ነበር። ክሮም፣ ኤጅ፣ ብሬቭና ኦፔራ ስማቸው ይለያይ እንጂ ውስጣቸው አንድ ነው፣ ክሮሚየም የሚባል የጋራ ኮድ፤ እዚያ ውስጥ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ አራቱም ጋ አለ። ፋየርፎክስ ገጽ የሚያሳይበት የራሱ ሞተር አለው፣ ግን እሱም ከሌሎቹ ጋር የሚጋራቸው ክፍሎች አሉት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ዌብፒ የሚባለውን የምስል ዓይነት በሚፈታው ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት ኮድ) ላይ የተገኘው ቀዳዳ ሁለቱንም ወገን ነው የነካው። ተንኮል ያለበት ምስል ገጹ ላይ መታየቱ ብቻ ይበቃል፤ መጫን፣ ማውረድ አያስፈልግም። ጉግል በወሩ 11ኛ ቀን የተደፈነውን ክሮም 116.0.5845.187ን አወጣ፣ የፋየርፎክሱ ሞዚላ በማግስቱ 117.0.1ን። ያን ሳምንት ብሮውዘሩን ዘግቶ የከፈተ ተረፈ፣ ያልዘጋው ምን ዓይነት አርማ ቢኖረው ዋጋ አልነበረውም።

ይህን ሁሉ ለሠራተኛው ማስረዳት ሲታክተው ባለሙያው አሳጠረው። በቀይ፣ በትልቁ፣ ከሦስት ቃለ አጋኖ ጋር አትሞ የሂሳብ ክፍሉ በር ላይ ለጠፈ፦ «ብሮውዘራችሁን ሁልጊዜ አፕዴት አድርጉ!!!»

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሂሳብ ኃላፊዋ በውስጥ ስልክ ደወሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ደረሰኝ ያልጠፋባቸው ሴት ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ አፕዴቱን አድርጌዋለሁ፣ ግን ምንም አልመጣም። ሁለቴ ነካሁት።»

«ምኑን ነው ሁለቴ የነኩት?»

«የወረደውን ነዋ። መጀመሪያ ዚፕ ነበር፣ ከፈትኩት።»

ባለሙያው ደረጃውን እንዴት እንደወረደ የጥበቃ ሠራተኛው ዛሬም ያወራል። ሴትየዋ የአንድ ትራንዚተር ድረ ገጽ ከፍተው ነበር፤ ገጹ ዎርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ የተሠራ፣ ተሰብሮ የገባበት ነው። መሃል ላይ የክሮም አርማ ያለው «ስሪትዎ አርጅቷል» የሚል ማስታወቂያ ከሰማያዊ ቁልፍ ጋር ብቅ አለ። ተጫኑት። ዚፑ ውስጥ ያለው የጃቫስክሪፕት ፋይል ነው፣ ትእዛዝ የተጻፈበት ማለት ነው። ዊንዶውስ እንዲህ ያለውን ፋይል ሁለቴ ሲነኩት አያነበውም፣ ያስኬደዋል፤ ስክሪኑ ላይ ምንም ሳይታይ ከውጭ ሌላ ነገር ይጎትታል። «ምንም አልመጣም» ያሉት ለዚህ ነው። ባለሙያው ያንኑ ገጽ ከራሱ ኮምፒውተር ቢከፍተው ደግሞ ንጹሕ ሆኖ አገኘው። እነዚህ ሰዎች ወጥመዱን ለሁሉም አያሳዩም፣ መርማሪ የሚመስላቸውን ያሳልፉታል።

የኔትወርክ ኬብሉን ነቀለና መናገር ጀመረ። «እትዬ፣ ክሮም እኮ ገጽ መሃል መጥቶ አፕዴት አድርጉኝ አይልም! ከላይ በቀኝ ጥግ ነው የሚናገረው!»

«ወረቀቱ ላይ ቀኝ ጥግ ይላል?»

ዝም አለ።

«በሬ ላይ የለጠፍከው ወረቀት ቀኝ ጥግ ይላል ወይ ነው የምልህ። አፕዴት አድርጉ ይላል። አደረግኩ። ሰነዱ ያልተሟላው አንተ ጋ ነው።»

እዚህ ላይ ፍርዱ ለእርሳቸው ነው። የት እንደሚነካ የማይናገር ማስጠንቀቂያ ሰውን የሚያስለምደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አፕዴት የሚል ቃል ባየ ቁጥር መጫን። አታላዮቹም የሚኖሩት በዚሁ ልማድ ነው። ዘዴው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ይፋ ባደረገው ምርመራ፣ በውጭ አገር ባሉ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች ላይ የተላከው የስለላ ፕሮግራም ለብሶ የመጣው ያኔ በብሮውዘር ቪዲዮ ያጫውት የነበረውን የአዶቤ ፍላሽን አፕዴት ነበር።

የሚያስቀው ደግሞ እውነተኛው አፕዴት እዚያው ስክሪን ላይ መኖሩ ነው። በቀኝ ጥግ፣ ሦስቱ ነጥቦች አጠገብ፣ ቀይ ሆኖ። ክሮም አዲሱን ስሪት ራሱ አውርዶ ይጨርስና ተዘግቶ እስኪከፈት ይጠብቃል፤ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ አራት ቀን ገደማ ሲሆነው ብርቱካናማ፣ ሳምንት ሲያልፈው ቀይ። ኃላፊዋ ግን ከጉምሩክ እስከ ምንዛሪ ተመን የከፈቷቸው ታቦች እንዳይጠፉባቸው ክሮምን አይዘጉም፤ ማታ የሚያጠፉት ስክሪኑን ብቻ ነው። «ሪላውንች» (ዘግቶ መክፈቻውን) ሲጫኑ ታቦቹ ተመልሰው እንደሚመጡ የነገራቸው የለም። የማይመለሰው በኢንኮግኒቶ (ታሪክ በማይመዘግበው መስኮት) የተከፈተውና ሞልተው ያልላኩት ቅጽ ነው።

የጽዳቱ ሥራ ረዘመ። ብሮውዘሩ ውስጥ የተቀመጠ ፓስወርድ ሁሉ እንደተወሰደ ተቆጠረ፤ በተጠቃሚው ስም የሚሄድ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ ሊያነበው ይችላልና። ፓስወርዶቹ የተቀየሩት ከሌላ ኮምፒውተር ነው። ከዚያው ከተበከለው መቀየር አዲሱንም መስጠት ነው። ሰው የሚረሳው ኩኪውን፣ ማለትም ገጹ ገብተው እንደነበር የሚያስታውስበትን ፋይል ነው፦ የገባ ሰው ኩኪ ከተሰረቀ ሌባው በስልክ የሚላከውን ኮድ ሳይጠየቅ ይገባል። ስለዚህ ኢሜይሉ ላይ ከሁሉም መሣሪያ «ሳይን አውት» ተደረገ፣ ባንኩም የኢንተርኔት አገልግሎቱን ለጊዜው እንዲያግድ ተነገረው። ኮምፒውተሩ ፎርማት ሆነ። አንቲቫይረስ ስካን አድርጎ «ንጹሕ ነው» ሲል አምኖ መተው እንዲህ ላለው ነገር አይሆንም።

ከዚያ ባለሙያው ወረቀት ከመለጠፍ ይልቅ የሚሠራውን ሠራ። በሁሉም ኮምፒውተር ላይ፣ ሴቲንግስ ውስጥ «ዲፎልት አፕስ» ገብቶ የጃቫስክሪፕት ፋይል በኖትፓድ እንዲከፈት አደረገ፤ አሁን ሁለቴ ቢነኩት ጽሑፍ ይታያል እንጂ አይሄድም። የክሮም ፖሊሲ (ለቢሮ ኮምፒውተሮች የሚደነገግ ቅንብር) ላይ «ሪላውንች ኖቲፊኬሽን»ን 2፣ ማለትም ግዴታ፣ አድርጎ ጊዜውን 86,400,000 ሚሊሰከንድ ሞላ። አንድ ቀን ማለት ነው፤ ሰውየው ባይዘጋው ክሮም ራሱ ዘግቶ ይከፈታል። ዜሮ ማጉደል እዚህ ላይ ቀልድ አይደለም፣ በአንድ ቀን ፋንታ ሁለት ሰዓት ከሃያ አራት ደቂቃ ይሆንና ቢሮው ይጮኻል። የማስታወቂያ ማገጃ ኤክስቴንሽንም ጨመረ። ለሠራተኛው የነገረው መለያ አንዲት ናት፦ ሌላ ታብ ክፈቱ፤ መልእክቱ አብሮ ከጠፋ የገጹ ነው፣ አትንኩት። በዚፕ የሚወርድ የክሮም አፕዴት ደግሞ የለም።

ኃላፊዋ ትምህርቱን ከሚገባው በላይ ወሰዱት። ዛሬ ከዊንዶውስ የሚመጣውን ጭምር በስልካቸው ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይልካሉ፦ «ይሄስ?» ፕሪንተሩ ቀለም ጨርሻለሁ ያለውንም ልከዋል። ባለሙያው «እሱ ይነካል» ብሎ ሲመልስ «በጽሑፍ ስጠኝ» ይላሉ።

የቀረው የመጋዘኑ ነው። እዚያ ያሉት ሁለት ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ 7 ናቸው፤ ለዚያ የመጨረሻው ክሮም 109 ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ ተከታይ የለውም። ኤጅም እዚያው 109 ላይ ነው የቆመው። ባለሙያው ፋየርፎክስ 115 ኢኤስአርን (ድጋፉ የሚረዝመውን ስሪት) ጫነባቸው፤ ሞዚላ ለአሮጌዎቹ ዊንዶውሶች ድጋፉን ደጋግሞ ያራዘመው ለዚህ ስሪት ነው፣ የዌብፒውንም ቀዳዳ በ115.2.1 ደፍኖታል። ግን ከሥሩ ያለው ዊንዶውስ እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ ድጋፍ የለውም፣ ብሮውዘር መቀየር ያንን አይሸፍንም። ስለዚህ ሁለት አዲስ ኮምፒውተር እንዲገዛ ጥያቄ ጻፈ። ጥያቄው ሂሳብ ክፍል ነው፤ ኃላፊዋ ጠርዙ ላይ በእርሳስ «ለምን እንደሚያስፈልግ በዝርዝር ይገለጽ» ብለው መልሰውለታል።