ባሕሩ አሸዋውን በሚወስድበት ወራት

ዋሽንግተንና ሜሪላንድ የምንኖር አበሾች የባሕር ዳርቻ ከተማዋን ኦሽን ሲቲን የምናውቃት በሐምሌ ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነሥተን፣ ጥብሱንና ዳቦውን ጭነን፣ የቼሳፒክ ድልድይ ሳይጨናነቅ ለማለፍ እንሽቀዳደማለን። ደርሰንም መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ስንዞር ይረፍዳል። ባለፈው ኅዳር ግን ድልድዩን ብቻዬን ተሻገርኩ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ እስከ ሚያዝያ የሚቆይ የሌሊት ሥራ አግኝቼ ነበር።

ቤት ለማግኘት አልተቸገርኩም። በሐምሌ ለአንድ ሳምንት የሚጠየቀው ኪራይ በብርዱ ወራት አንድ ወር ሙሉ ያኖራል። የውሉ ጥብቅ ቃል አንዲት ብቻ ናት፦ ሚያዝያ ሲያልቅ መውጣት። አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው። ቁልፉን ሲሰጡኝ «ማሞቂያው ሌሊት ይጮሃል፤ እንዳትደነግጪ» አሉኝ።

ለእማዬ በስልክ «አሁን እዚህ ክረምት ነው» ስላት «በጥር ዝናብ?» ብላ ተገረመች። እውነቷን ነው፤ ቃሉ አይገጥምም። እዚህ የሚበረታው ነፋሱ ነው። አሸዋውን በየበሩ ሥር ይከምረዋል፤ ደጃፌን ጠዋት ጠርጌ ማታ ደግሞ እጠርጋለሁ። የባሕሩ ጨው መስኮቱ ላይ ይደርቅና እንደ ጉም ይሸፍነዋል፤ በጣት ቢጽፉበት ይነበባል።

በሙቀቱ ወራት ቅዳሜና እሑድ ከ300,000 በላይ ሰው የሚጎርፍባት ከተማ ቋሚ ነዋሪዋ 7,000 ያህል ነው። በብርዱ ወራት ሆቴሎቹ መጋረጃቸውን ዘግተው ይቆማሉ። ድንች ጥብስና ኮምጣጤ የሚሸተው የእንጨት መንገድ፣ ቦርድዎክ የሚሉት፣ ያኔ የሚሸተው ባሕርና እርጥብ እንጨት ነው። ከሌሊት ሥራ ወጥቼ እዚያ ስሄድ የራሴን ኮቴ እሰማ ነበር።

ከተማዋን ያስተዋወቁኝ ግን መጦሪያው ውስጥ ያሉ አንዲት ዘጠና የተጠጉ እናት ናቸው። እንቅልፍ የላቸውም። ሌሊት ውኃ ሳቀርብላቸው እጄን ይዘው ያወሩኛል። የቦርድዎክ ሳንቃ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1902 መጀመሪያ ሲነጠፍ ተነቃይ እንደነበር፣ ባሕሩ ሲሞላ ጠቅልለው የሆቴል በረንዳ ላይ ያኖሩት እንደነበር ከአያታቸው ሰምተዋል። በመጋቢት 1962 የመጣውን ማዕበል ግን ራሳቸው አይተውታል። ከተማዋ የቆመችው በቀጭን የአሸዋ ሰቅ ላይ ነው፤ ከፊቷ አትላንቲክ፣ ከኋላዋ ጸጥ ያለ የባሕር ወሽመጥ። «ሁለቱ ውኃዎች መንገዳችን ላይ ተገናኙ» አሉኝ፣ ሁለት መዳፋቸውን ቀስ አድርገው እያጋጠሙ። ያ የእጃቸው እንቅስቃሴ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት የምሄደው እሳቸው የነገሩኝን ለማየት ሆነ። ደቡብ ጫፍ ላይ ያለውን የውኃ መተላለፊያ የከፈተው የነሐሴ 1933 አውሎ ነፋስ ነው። ከዚያ በፊት አሳቲግ የምትባለው የዱር ፈረሶች ደሴት ከከተማዋ ጋር የተያያዘች ምድር ነበረች። መተላለፊያው እንዳይደፈን ድንጋይ ተከመረ፤ ድንጋዩም ወደ ደቡብ የሚፈሰውን አሸዋ ያዘና የአሳቲግ ሰሜን ጫፍ እየተሸረሸረ ወደ ምዕራብ ሸሸ። ይህን በሐምሌ ማን ያያል? ጃንጥላና ፎጣ ሸፍኖት! በጥር ግን ዳርቻው ራቁቱን ነው። የብርዱ ወራት ኃይለኛ ማዕበል አሸዋውን ከዳር ጠርጎ ከውኃው በታች ይከምረዋል፤ የሙቀቱ ወራት ለስላሳ ማዕበል ጥቂት በጥቂት ይመልሰዋል። የማይመለሰውን ደግሞ መንግሥት ከባሕሩ ወለል በመርከብ እያስቀዳ በየጥቂት ዓመቱ ይሞላል። እኛ ልጆቻችንን የምናስቦርቅበት አሸዋ እንዲህ የሚጠበቅ ነው።

ድንጋዩ ክምር አጠገብ ባለ ሦስት እግር አጉሊ መነጽር የተከሉ ሽማግሌ አገኝ ነበር። አንድ ቀን «ነይ፣ እይ» አሉኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ ሃርለኩዊን የምትባል ዳክዬ ናት፤ ሰማያዊ ግራጫ፣ ነጭ ጠቃጠቆ ያለባት፣ ጎኗ የሸክላ ቀለም። ማዕበሉ ድንጋዩ ላይ ሲፈነዳ ትጠልቃለች፤ አረፋው ሲበተን እዚያው ብቅ ትላለች። ጣቴ እስኪደነዝዝ አየኋት።

ጥር 11 ከሥራ እንደወጣሁ ነጠላዬን ከካፖርቴ በላይ ደርቤ ወደ ባሕሩ ወረድኩ። ቤተ ክርስቲያኔ ሦስት ሰዓት መንገድ ይርቃል፤ ማታ ደግሞ ሥራ አለብኝ። ስልኬ ላይ የአዲስ አበባ ታቦታት ከጃንሜዳ ሲመለሱ እልልታው ይሰማል፤ ፊቴ ላይ ደግሞ ፀሐይ ከውኃው ትወጣለች። ጎንበስ ብዬ ውኃውን በእጄ ቀድቼ ፊቴን አስነካሁ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ቀና ስል ሽማግሌው ቆመዋል። «ዛሬ ምንድን ነው?» አሉኝ። «ለእኛ ጌታ የተጠመቀበት ቀን ነው» አልኳቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ እልልታው እስኪያልቅ አጠገቤ ቆሙ።

በሚያዝያ መዶሻ መሰማት ጀመረ። ሱቆቹ ቀለም ተቀቡ፤ አሸዋው ከመንገዱ ተጠረገ። አከራዬ ቁልፉን ሲቀበሉኝ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አወረዱ፤ ገጾቹን አንድ በአንድ ገልብጠው ጥቅምት ላይ ቆሙና እርሳስ አነሡ። «ስምሽ እንዴት ነው የሚጻፈው?» አሉኝ።