እግዜርን ወክሎ መናገር

ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ ግማሹ ወሬያችን ስለ ሟች አይደለም፤ ስለ እግዜር ነው። ሰሞኑን ጎረቤታችን ልጇን ቀብራ ድንኳን ስንውል ነው ይሄን ልብ ያልኩት። ልጁ ሃያ አልሞላውም። ስለ ሕመሙ እዚህ አልጽፍም።

ድንኳኑ የቅሬ ነው። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ወሎዬዎች ቅሬ ነው የምንለው። የሰፈር ስለሆነ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀብራል፣ አብሮ ይቀመጣል። የደሴ ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ተጠጋግቶ ነው የሚውለው።

ለቀስተኛው ሲገባ የሚለው አጭር ነው። «እግዜር ያጽናሽ።» «ነፍስ ይማር።» ሙስሊሟ ጎረቤት «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ፣ አብሽሪ» ትላለች። ክርስቲያኗም «አብሽሪ» ስትል ትሰማለህ፤ ማንም ልብ አይለውም። እነዚህን አባባሎች አፍ ለምዶ የሚወረውራቸው ናቸው ብለው የሚያጣጥሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ያጽናሽ፣ ይማር፣ ይስጥሽ። ሁሉም ልመና ነው። ተናጋሪው እግዜር ምን እንዳሰበ አውቃለሁ አላለም፤ የሚያደርገውን እሱ ያድርግ፣ እኔ ልለምንልሽ ነው ያለው። የዘወትር አማርኛችንም እንዲሁ ነው። ሲያስነጥስህ ይማርህ። ስትወልጂ ያሳድግልሽ። ሲጋብዙህ እግዜር ይስጥልኝ። መንገድ ላይ ቄስ አግኝተህ «ይፍቱኝ አባ» ብትል «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይሉሃል። የመፍታት ሥልጣን ያላቸው ቄስ እንኳ «ፈታሁህ» ብለው አይሄዱም።

ችግሩ የሚመጣው ከተቀመጥን በኋላ ነው። ንፍሮው ይዞራል፣ ወሬው ያልቃል፣ ዝምታው ይከብዳል። ያኔ አንዱ ይጀምራል። «እግዜር ስለወደደው ነው የወሰደው።» ሌላው ይቀበላል። «አበባውን መርጦ ነው የሚቀጥፈው።» «ለበጎ ነው።» አንዷማ ይባስ ብላ «እስቲ ሁላችንም ራሳችንን እንመርምር፣ እንዲህ ያለ ነገር በከንቱ አይመጣም» አለች። እናትየው አጠገቧ ተቀምጣለች! ከኮምቦልቻ የመጣ ጴንጤ ዘመዳቸው አለ። መልካም ልጅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲቀዳ፣ ወንበር ሲደረድር የዋለው እሱ ነው። እሱም ተራው ሲደርስ «ጌታ ለዚህ ቤት ዕቅድ አለው» አለ። ኦርቶዶክሱና ጴንጤው በሌላው አይስማሙ እንጂ እዚህ ላይ አንድ ናቸው። እግዜር ቃል አቀባይ የቀጠረ ይመስል ሁሉም መግለጫ ይሰጣል።

በማግስቱ ረፋድ ላይ እናትየው ድንገት ተነሳች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ መሬት ይጎተታል። ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ «ምነው መድኃኔዓለም! ምነው! ለምኜህ አይደል የሰጠኸኝ? ምን አጠፋሁብህ?» አለች። አንዲት ሴት ፈጠን ብላ «ተይ እንጂ እትዬ፣ እግዜር አይማረርም፣ ኃጢአት ነው» ብላ ልታስቀምጣት ያዘቻት። ከድንኳኑ ጥግ መቁጠሪያቸውን ሲቆጥሩ የነበሩ አንዲት ሙስሊም አሮጊት ቀና አሉ።

«ተያት። ለሰጣት አይደል የምትነግረው» አሏት።

ሴትየዋ ለቀቀቻት። እናትየው እስኪበቃት ጮኸች።

እኔ ከአሮጊቷ ጋር ነኝ። ቄሱን አንቱ፣ የቅሬውን ሰብሳቢ አንቱ፣ መድኃኔዓለምን ግን አንተ ነው የምንለው። እንዲህ የቀረብነውን ታዲያ መውቀስ ምን ይገርማል? ዳዊት የሚደግም ሰው «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የሚለውን ጠዋት በንባብ ይወጣዋል። ያው ሰው ከሰዓት ለቅሶ ቤት መጥቶ የልጅ እናት ስታማርር አፍ ያስይዛል። ስቅለት ለትስ ወድቀን እየተነሳን የምናስበው «አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ?» ያለውን አይደለም እንዴ?

ማታ ቤት ገብቼ መጽሐፈ ኢዮብን አነበብኩ። «እግዚአብሔር ሰጠ፥ እግዚአብሔርም ነሣ» የማይባልበት ለቅሶ የለም። ግን መጽሐፉ ላይ ይህን ያለው ማነው? ራሱ ኢዮብ ነው። ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆቹ ባንድ ቀን ያለቁበት ሰው። ሊያጽናኑት የመጡት አላሉትም። እኛ ነን ቃሉን ከሐዘንተኛው አፍ ወስደን ለለቀስተኛው የሰጠነው።

ወዳጆቹ መጀመሪያ ላይ እንዴት ያሉ ለቀስተኞች ነበሩ መሰላችሁ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። አንድ ቃል አልተነፈሱም። ከዚያ ኢዮብ የተወለደባትን ቀን ሲረግም ሰሙና አላስቻላቸውም። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀጥላል። እግዚአብሔር ያለ ጥፋት አይቀጣም፣ እንግዲህ አጥፍተሃል ማለት ነው፣ ንስሐ ግባ። ለየብቻ ብታነቡት ከንግግራቸው ብዙው ዓውደ ምሕረት ላይ ቢሰበክ አሜን የሚባልለት ነው። ምዕራፍ 42 ላይ ግን እግዚአብሔር የሚቆጣው በነሱ ነው። ሲጮህና ሲሟገተው የከረመውን ኢዮብን «ባሪያዬ» ይለዋል፤ ጭራሽ እነሱን የሚምራቸው ኢዮብ ሲጸልይላቸው ነው። ጠበቃ ሆነው የቆሙለት ራሱ አልተቀበላቸውም።

ይሄ ነገር ከለቅሶ ቤት ወጥቶ ቤተ መንግሥት ሲገባ ምን እንደሚሆን ለማየት ከኛ ከተማ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቦሩ ሜዳ እዚሁ አጠገባችን ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሊቃውንቱን ሰብስበው ያከራከሩት እዚያ ነው። ስለ ክርስቶስ ሁለት ልደት ይባል ወይስ ሦስት ልደት የሚለው አንዱ ነጥብ ነበር። ቃል መመዘኑን አልነቅፍም፤ ሊቃውንቱ ዕድሜያቸውን የገበሩበት ነው። ግን ነገሩ በክርክር አላበቃም። ሦስት ልደት ያሉት ተረቱ፣ ቀጥሎ የወሎ ሙስሊም ተጠመቅ ተባለ። ኢማም መሐመድ አሊ ክርስትና ተነስተው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የምንላቸው። ያልተቀበለው ተሰደደ፣ ተዋጋም። የዚያ ዘመን ሰዎችም እግዜር የሚፈልገውን እናውቃለን ነው ያሉት። ሰው ሁለቱንም ሃይማኖት ከነዘመዶቹ ይዞ በሚኖርበት አገር አድጌ እንደሆነ እንጃ፣ «እግዜር እንዲህ ይላል» ብሎ የሚጀምር ሰው ስሰማ መጀመሪያ የማየው ለማን እየተናገረ እንደሆነ ነው።

በሣልስቱ የንስሐ አባታቸው መጥተው ነበር። የሟች ታናሽ ወንድም፣ ገና ልጅ ነው፣ ሰው ሁሉ ባለበት «አባ፣ እግዜር ለምን ወሰደው?» አላቸው። እኔ አሁን ስብከት ሊጀመር ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። «እኔ እንጃ ልጄ» አሉት። አጠገባቸው አስቀመጡት፣ ጸሎታቸውን አደረሱ፣ ንፍሮ ቀረበላቸው፣ በሉ።

ይህን ሁሉ ለታናሽ ወንድሜ ነገርኩት። አልተዋጠለትም። «ታዲያ ሰው ምን ይበል? ዝም ብሎ ንፍሮ ቆርጥሞ ይሂድ?» አለኝ። ያጽናሽ ብሎ መቀመጥ አይበቃም ወይ ስለው ሳቀብኝ። ቆይቶ ግን አባባ ያረፈ ጊዜ እሱን ያቆመው «ለበጎ ነው» የሚለው ቃል እንደሆነ ነገረኝ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለው ለብቻው ይደጋግመው ነበር አሉ። አንድ ጣሪያ ስር እየኖርን አንድም ቀን አልሰማሁትም።

ምን እላለሁ? እሱም እንደ ኢዮብ ለራሱ ነው ያለው። በሱ ሐዘን ላይ እኔ ምን አገባኝ። ነገ ሄዶ ለሷ እንዳይላት ግን ለመንኩት።

«ወላሂ አልላትም» አለኝ። የመድኃኔዓለም ሰንበት ተማሪ ነው። ወሎ ነዋ።