«ይታሰባል» ብዬ የጻፍሁት ደብዳቤ

ደሴ ውስጥ በአንድ የግል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆኜ ሁለት ረጃጅም መዘጋቶችን አሳልፌአለሁ፤ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በጦርነቱ። ያን ጊዜ አንድ ሰው አስቀምጦኝ «ለሠራተኛ በምትጽፊው ደብዳቤ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል አታስገቢ፤ ወረቀቱንም ቢሮ ውስጥ ብቻ አታስቀምጪ» ቢለኝ ኖሮ፣ እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ፊቴን የሚያግለኝ ነገር ባልደረሰ ነበር። ማንም አላለኝም። ስለዚህ እኔ ልበል።

መጋቢት 7 ቀን 2012 በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲነገር 40 ሠራተኞች ነበሩን። 31 መምህራን ናቸው፤ የቀሩት ጥበቃዎች፣ ጽዳቶች፣ ገንዘብ ያዥና ጸሐፊ። ሥራውን ማደላደሉ ያን ያህል አልከበደም። ጥበቃዎቹን በፈረቃ መደብን፤ መምህራን በየሳምንቱ መልመጃ አዘጋጅተው በቴሌግራም ላኩ፤ ስልክ በሌለበት ቤት ያለ ወላጅ ወረቀቱን ከበሩ ላይ ይወስድ ነበር። የጥበቃዎቹ ደመወዝ እንዳይነካ ከመጀመሪያው ቀን ተከራክሬ አስወስኛለሁ። ተማሪ የሌለበትን ግቢ ሌሊት የሚጠብቅ ሰው ሥራው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በዚህ ዛሬም እኮራለሁ።

ችግሩ ገንዘብ ነበር። ትምህርት ሚኒስቴር የግል ትምህርት ቤቶች ከወርሃዊው ክፍያ ከ50 እስከ 75 በመቶ እንዲያስከፍሉ አለ፤ ነገር ግን ከወላጆቻችን ብዙዎቹ በፒያሳና በሰኞ ገበያ ነግደው የሚያድሩ ናቸው። ገበያው ሲቀዘቅዝ ከከፈለው ያልከፈለው በዛ። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሠራተኛ ማሰናበት ተከልክሏል፤ ደግሞም ማሰናበት አንፈልግም ነበር። የትምህርት ቤቱ ባለቤት የመጋቢትንና የሚያዝያን ደመወዝ ከኪሱ ጨምሮ ሙሉውን ከፈለ። ከግንቦት ጀምሮ ግን ግማሽ ብቻ እንደሚችል ነገረኝና ደብዳቤ እንድጽፍ አዘዘኝ።

እዚህ ላይ ነው ያጠፋሁት። ባለቤቱ «እንከፍላለን አትበይ፤ አንከፍልም ደግሞ አትበይ» አለኝ። ርእሰ መምህር ከመሆኔ በፊት ዐሥራ አንድ ዓመት አማርኛ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ማታ ቤቴ ተቀምጬ ቃል ፈለግሁ፤ አገኘሁም። «ከግንቦት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ የደመወዝዎ ግማሽ የሚከፈል ሲሆን፣ ቀሪው ትምህርት ሲጀመር ይታሰባል» ብዬ ጻፍሁ። ያን ምሽት ሁለቱንም ወገን የማያስከፋ ቃል አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

«ሂሳብ አስብልኝ» ያለ ሰው ገንዘቡን እየጠየቀ ነው። «እስቲ አስብበታለሁ» ያለ ሰው ግን ምንም ቃል አልገባም። መምህራኑ የመጀመሪያውን አነበቡ፤ ባለቤቱ ሁለተኛውን። እኔ ሁለቱንም እያወቅሁ ማኅተም መታሁበት።

ከግንቦት እስከ መስከረም 2013 አምስት ወር በግማሽ ደመወዝ አለፈ። 4,800 ብር የሚያገኝ መምህር 2,400 ብር ይዞ ይሄዳል፤ አምስት ወር ሲደመር 12,000 ብር ቀረበት። በሁሉም መምህራን ሲሰላ ከ300 ሺህ ብር ያልፋል። ትምህርት ተጀምሮ የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት መምህራችን ተነሡ። እኛ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። «ልጄ፣ ቀሪው መቼ ነው የሚታሰበው?» አሉኝ። ባለቤቱ ቀድሞኝ «እያሰብንበት ነው» ብሎ መለሰ። አዳራሹ ዝም አለ። እንደዚያ ያለ ዝምታ ከዚያ በፊት በመምህራን ስብሰባ ላይ ሰምቼ አላውቅም። ጋሼ ወደ እኔ ዞረው «እኔ እንደ ተጻፈው ነው ያነበብሁት» ብለው ተቀመጡ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያ ቃል በየቀኑ ይመለስብኝ ነበር። በእረፍት ሰዓት ሻይ ቤት ስገባ ወሬው ይቋረጣል። ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ የሚሸፍን ሰው ስጠይቅ «ይታሰባል» ብለው ይመልሱልኛል። በዓመቱ መጨረሻ በብዙ ልመና የሁለት ወሩ ተከፈለ፤ የሦስት ወሩ ቀረ። «በ2014 ይጠናቀቃል» አልሁ፤ ይህንንም በቃል ብቻ።

2014 እንዴት እንደ ጀመረ የደሴ ሰው ያውቀዋል። ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ ከተማዋን ሞላት፤ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ። ጥቅምት 20 ቀን ልጆቼን ይዤ በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ወረድሁ፤ እዚያም ማደር አልተቻለም፤ ገሚሱን በእግር፣ ገሚሱን በጭነት መኪና ደብረ ብርሃን ገባን። ከመውጣቴ በፊት የሠራተኞቹን የግል ማኅደር በብረት ካቢኔው ቆልፌ ቁልፉን በቦርሳዬ ያዝሁ። መመሪያው የሚለው ይህንኑ ነው፤ ማኅደር ከቢሮ አይወጣም፤ በኃላፊው ቁልፍ ይጠበቃል። መመሪያውን አክብሬአለሁ።

ከተማዋ ኅዳር 27 ቀን ተለቀቀች፤ እኔ የተመለስሁት በታኅሣሥ ነው። ካቢኔው ከጀርባው ተቀድዶ ተከፍቷል። የቅጥር ውሎች፣ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሮች፣ የወጪ ደብዳቤዎች መዝገብ፣ ከፊሉ ነዶ፣ ከፊሉ ርሶ ወለሉ ላይ ተጣብቋል። ቁልፉ ደብረ ብርሃን ደርሶ ተመልሷል፤ የሚከፍተው ነገር ግን አልነበረም።

ሠራተኛ መሰብሰቡ ተከተለ። አንድ የመንግሥት ቢሮ ሄጄ ብጠይቅ፣ በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፊ፤ በተባለው ቀን ያልመጣውን ሥራ እንደ ለቀቀ ቁጠሪ ተባልሁ። ማስታወቂያውን ለጠፍሁ፤ ሦስት ሰው መጣ። ያኔ ወደ ቅሬ ዳኞቹ ሄድሁ። በእኛ አገር ሌላው ሰው እድር የሚለው ቅሬ ነው፤ ማን የት እንደ ሸሸ፣ ማን ሐዘን ላይ እንደ ተቀመጠ፣ ማን ዘመድ ቤት እንደ ተጠጋ የሚያውቀው እሱ ነው። በአራት ቀን ውስጥ የ14 ሠራተኞች ወሬ ደረሰኝ። ሥራ ለቀዋል ልላቸው ከነበሩት አንዷ ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ነበረች፤ አንዱ ወንድሙን ቀብሮ ኩታበር ተቀምጧል። ስለዚህ በድፍረት እናገራለሁ፦ ከረጅም መዘጋት በኋላ ሠራተኛን በማስታወቂያ አትጥሩ፤ በማስታወቂያ ደግሞ አታሰናብቱ። በመጨረሻ ከ31 መምህራን 22 ተመለሱ።

እነዚህ 22 መምህራን ሁለት ነገር ጠየቁ፤ የሦስት ወሩን ቀሪና ከተማዋ በተያዘችበት ጊዜ ያለውን ደመወዝ። መብታቸው ነው። እኔ ግን የሚያሳይ ወረቀት አልነበረኝም። ወደዚያው ቢሮ ተመለስሁ። የገጠመኝን ሳስበው እስካሁን እንቅልፍ ይነሣኛል። ኃላፊው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አውጥቶ፣ ድርጅት ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ከ10 ተከታታይ ቀናት ላላነሰ ጊዜ ሥራ ሲያቆም በ3 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ እንዳለበት አነበበልኝ። «ለምን አላሳወቃችሁም?» አለኝ። በጥቅምት 24 ደብዳቤ ተቀባይ ማን ነበር? ቢሮው ራሱ ተዘግቶ፣ ሠራተኞቹ እንደ እኛው መንገድ ላይ ነበሩ። ይህንኑ ነገርሁት። «ቢሆንም ደንቡ ደንብ ነው» አለ። ከዚያ ከማኅደሩ ዋናውን ሰነድ እንዳመጣ ጠየቀኝ። ተቃጥሏል አልሁት። መቃጠሉን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌ አምጪ አለኝ። ቀበሌው የቃጠሎውን ማስረጃ ለመስጠት የንብረት ዝርዝር ፈለገ፤ የንብረት ዝርዝሩም ካቢኔው ውስጥ ነበር። ሦስት ሳምንት በዚህ አለቀ።

መፍትሔው የመጣው መጠለያ ውስጥ ከነበረችው መምህርት ነው። ከቤቷ ስትወጣ ከዲግሪዋና ከልጇ የክትባት ካርድ ጋር የእኔን የ2012 ደብዳቤ በፌስታል ጠቅልላ ይዛው ነበር። ለምን እንደ ያዘችው ስጠይቃት «ገንዘቤ ነውና» አለችኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ስትዘረጋው ማኅተሙ ወይቧል፤ ፊርማዬ ግን ይነበባል። ቃሉም እንዲሁ።

ደብዳቤውን ይዤ ስሄድ ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ምክር ሰጠኝ። የደመወዝ ጥያቄ መከፈል ከሚገባው ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ካለፈ በይርጋ ይታገዳል፤ «ባለቤቱን አትክፈል በይው፤ ቢከሱም አያሸንፉም» አለ። ለባለቤቱ እንዳልነግረው ፈለግሁ፤ ግን አሠሪዬ ነውና ነገርሁት። አብሬም እንዲህ አልሁት፦ «በይርጋ ብትረታቸው በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል የሚገቡት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። የማይከፈል ከሆነ መልቀቂያዬን ዛሬ እጽፋለሁ።» ሁለት ቀን ዘጋኝ። በሦስተኛው ቀን ጠርቶ «ታስቦ ይከፈል» አለ። በዚያች ቀን ቃሉ አንድ ትርጉም ብቻ ያዘ።

ሁለተኛውን ደብዳቤ እንደ መጀመሪያው አልጻፍሁትም። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የኅዳርና የታኅሣሥ 2014 ደመወዝ ስንት ብር እንደ ሆነ፣ ዛሬ ስንት እንደሚከፈለው፣ ቀሪው ስንት ብር እንደ ሆነና እስከ ሰኔ 30 ቀን 2014 እንደሚከፈል በቁጥርና በፊደል ጻፍሁ። ባለቤቱ ቀን መቁረጡን አልወደደውም ነበር። ሰኔ 30 ግን ተከፈለ፤ ሻይ ቤቱም ውስጥ እኔ ስገባ ወሬ መቋረጡ ቀረ። ሰው ግማሽ ደመወዝ ይችላል፤ ከዱቄት ነጋዴው ጋር ቀን ቆርጦ ይነጋገራል። «ይታሰባል» በሚል ወረቀት ግን ማንም ዱቄት አይሰጠውም።

አሁን የእያንዳንዱ ውልና ደብዳቤ ቅጂ በሦስት የተለያዩ ሰዎች ቤት ይቀመጣል፤ ፎቶውም በስልካችን አለ። ሠራተኛው የራሱን ቅጂ ሳይቀበል ፊርማ አላስፈርምም። ማኅደር ከቢሮ እንዳይወጣ የሚለውን መመሪያ እየጣስሁ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ የጠየቀኝ ቢኖር የተቀደደውን ካቢኔ አሳየዋለሁ። እስካሁን አልጣልሁትም።

ያላስተካከልሁት አንድ ነገር ቀርቷል። በ2012 ግማሽ ደመወዝ ስንከፍል ለጡረታ ያሳወቅነውም ግማሹን ነበር። ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ በድምሩ 18 በመቶ፤ ከ4,800 ብር 864 ብር መሆን የነበረበት ከ2,400 ብር 432 ሆኖ ገባ። ያን ጊዜ ወጪ የቀነስን መስሎኝ ነበር። የጡረታ አበል የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ እንደ ሆነ ልብ አላልሁም። ጋሼ በ2015 ጡረታ ሲወጡ እነዚያ አምስት ወራት በስሌቱ ውስጥ ገቡ፤ አማካዩ በ333 ብር ከ33 ሳንቲም ዝቅ አለ። የ26 ዓመት አገልግሎታቸው ግማሹን ስለሚያሰጣቸው በየወሩ 166 ብር ከ67 ሳንቲም ይጎድልባቸዋል። ቀሪውን ደመወዝ በኋላ ከፍለናቸዋል፤ የጡረታውን መዋጮ ግን በጊዜው አላስተካከልሁም። ለማስተካከል ሦስት ጊዜ ተመላለስሁ፤ የ2012ቱን የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ዋናውን አምጪ አሉኝ።

ደብዳቤ የምትጽፉ ርእሳነ መምህራን፣ ቀሪ ደመወዝ የምትከፍሉ ከሆነ በዚያው ወር የጡረታውንም ልዩነት አብራችሁ ክፈሉ። ለጋሼ ይህን ልነግራቸው ቤታቸው ሄጄ ነበር። ቡና አስፈልተው፣ እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ደብተራቸውን አውጥተው ቁጥሩን እንድደግምላቸው ጠየቁኝና 166 ከ67 ብለው ጻፉት።