የምንስማማው ነገር የለም

አንድ የመንግሥት ልማት ድርጅት ውስጥ የመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበሩ ጸሐፊ ነበርኩ። አስተዳደሩ የደረጃ እድገት መመሪያውን ብቻውን ቀየረው። የአገልግሎት ዘመን ነጥብ ተቆረጠ፤ የቅርብ ኃላፊ የሚሰጠው ነጥብ አበጠ። ማን እንደሚያድግ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ሊቀመንበራችን ጠረጴዛ መታ። «ፍርድ ቤት!»

7 ገጽ ክስ ጻፍኩ። እውነቱን ልናገር፣ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉን፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንብቤዋለሁ። አንድ ሰው ቢባረር ወይም ደመወዙ ቢያዝ በቀጥታ ችሎት ይሄዳል። የእድገት አሰጣጥ ሥርዓት ግን የወል ክርክር ነው፤ የአንድ ሰው ሳይሆን የሠራተኛው ሁሉ ጉዳይ። መጀመሪያ ሁለቱን ወገን የሚያቀራርብ አስማሚ፣ ካልሆነ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ። በእርሳስ አስምሬበት ነበር። ግን ክሱ አምሮልኛል! ሁለተኛው ገጽ ላይ «ሠራተኛው ይዞ የመጣው ላቡን እንጂ ዘመዱን አይደለም» የምትል ዓረፍተ ነገር ነበረች። እሷን ለዳኛ ሳላስነብብ ልቀር?

ዳኛዋ ሁለተኛው ገጽ አልደረሱም።

«አስማሚ ዘንድ ቀርባችኋል?»

ሊቀመንበራችን ተነሳ። ኮቱን ቆለፈ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኛ ከእነሱ ጋር የምንስማማው ነገር የለም!»

የድርጅቱ ነገረ ፈጅ ጉንጩን ነክሶ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

«መስማማታችሁን አልጠየቅኩም። መቅረባችሁን ነው።»

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጣራውን አየሁ። በጣም ንጹሕ ጣራ ነበር።

መዝገቡ ተዘጋ። አስማሚ ተመደበልን፤ ሕጉ የሚሰጠው 30 ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀጠሮ አስተዳደሩ የመወሰን ሥልጣን የሌለው ልጅ ላከ። ምስኪን፣ ማስታወሻ ብቻ ሲይዝ ዋለ። በሦስተኛው ግን ዋናዎቹ መጡና የአገልግሎት ነጥቡ በግማሽ ተመለሰ። ያለ አንዲት ጥሩ ዓረፍተ ነገር! እስከዚያ ሁለት ቦታ በአዲሱ መመሪያ ተሞልቶ ነበር። ሰዎቹ ዛሬም እዚያው ናቸው።

ሊቀመንበራችን አሁን ለአዳዲስ የማኅበር ተመራጮች ሥልጠና ይሰጣል። «ሕጉን ሳያነቡ ችሎት የሚሮጡ ጸሐፊዎች አሉ» እያለ ያስቃቸዋል። እኔም ከኋላ ወንበር አብሬ እስቃለሁ። በእጁ ይዞ የሚያስተምርበት አዋጅ የእኔ ነው። የእርሳሱ መስመር ከሩቅ ይታያል።